«ፍሬኑ ተሠርቷል» ሲሉን ምን ሠርተው ነው?

ረጅም ጽሑፍ ነው። መኪና የሌላችሁም አንብቡት፤ ፍሬን አልይዝ ያለ መኪና የሚገጨው ባለቤቱን ብቻ አይደለም።

ከሦስት ሳምንት በፊት እሁድ ቀን እናቴን፣ እህቴንና ሁለት ልጆቿን ይዤ እንጦጦ ወጥቼ ነበር። ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ቁልቁለት የነዳበት ያውቀዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተነስተህ፣ ኩርባ በኩርባ፣ እግርህ ከፍሬን ሳይነሳ ነው የምትወርደው። ግማሽ ላይ ስንደርስ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። እናቴ «ሰው ቆሻሻ እያቃጠለ ነው» አለች፤ እኔም አመንኳት። የሚቀጥለውን ኩርባ ልይዝ ስል ፔዳሉ እርጥብ ፍራሽ የረገጥኩ ይመስል ስርግ አለ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ወለሉ ጋ ደረሰ። የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩት። ምንም! መኪናዋ ጭራሽ አልሰማችኝም። ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ ከዛ እያንገጫገጨች አንደኛ ማርሽ ገባችልኝ። ሞተሩ እየጮኸ፣ የቀኙን ጎማ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር እያፋተግኩ፣ የሀገር ልብስ ሱቆቹ ከሚጀምሩበት ትንሽ ከፍ ብለን ቆምን።

ማንም አልተጎዳም። ትንሿ ልጅ «አጎቴ ድጋሚ እንዲህ አርገው» አለች፤ ጨዋታ መስሏት። እናቴ ግን ለሁለት ቀን አላናገረችኝም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ይቺ መኪና ከዚህ ሦስት ወር በፊት «የአራቱም ጎማ ፍሬን ሰርቪስ» ተደርጎላታል። ደረሰኙ እጄ ላይ አለ። ማህተም አለው። የጋራዡን ስም አልጠራም፤ ስም መጥራት የማልፈልገው ፈርቼ ሳይሆን፣ ከነገርኳችሁ በኋላ «አሃ፣ እዛ ጋ እንዳትሄዱ» ብላችሁ ወደ ሌላው ስለምትሄዱ ነው። ሌላውም እንደዛው ነው የሚሠራው። እንደዛ እንዲሠራ ያደረግነው ደግሞ እኛ ነን። እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

መኪናዋን በክሬን አስጭኜ ቦሌ ሚካኤል አስመጣኋት፤ ሰፈሬ ነው። እዚህ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሶማሌዎቹ ሻይ በወተት ከሚያፈሉበት ቤት አጠገብ፣ አንድ የቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠሩ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ታቤላ የላቸውም። ሰው ስለ እሳቸው የሚያወራው አንድ ነገር ነው፦ «ይቆያሉ።» እኔም በዚህ ምክንያት ነው ለዓመታት ሳልሄድባቸው የኖርኩት።

ጋሼ ገና ምንም ሳይፈቱ ከኋላ በኩል በሁለት ድንጋይ አስደግፈው፣ የእጅ ፍሬኑን አስለቅቀው፣ በክሪክ አነሷትና የግራውን የኋላ ጎማ በእጃቸው ገፋ አደረጉት። በነፃ መዞር የነበረበት ጎማ እንደ ድሮ ወፍጮ እየተጎተተ ሩብ ዙር ሄዶ ቆመ። «ይሄን የሠራልህ ሰው ጎማውን ፈቶት ያውቃል?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ጎማው ወለቀ። ወደ ውጭ ያለው ሸራ ወፍራም ነው፣ አዲስ ይመስላል። ጋሼ ጣታቸውን ከዲስኩ በስተጀርባ አሳልፈው «እዚህ ጋ ንካ» አሉኝ። ነካሁ። ሸራ የለም። ባዶ ብረት ነው። ዲስኩ ከውጭ እንደ መስታወት ያበራል፣ ከውስጥ እንደ ታረሰ መሬት ቦይ ቦይ ሠርቷል።

እንዲህ የሆነበትን ምክንያት ያላወቀ ሰው ሁልጊዜ ይታለላል፤ ስለዚህ ልንገራችሁ። ብዙዎቹ የኛ መኪኖች ላይ ያለው የኋላ ካሊፐር አንድ ፒስተን ነው ያለው፣ እሱም ከውስጥ በኩል ነው። ፍሬን ስትረግጥ ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ዲስኩ ላይ ያጣብቃል። የውጭውን ሸራ ማን ይገፋዋል? ማንም! ካሊፐሩ ራሱ ነው በሁለት ፒኖች ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የውጭውን ሸራ ጎትቶ የሚያመጣው። እንግዲህ እነዛ ፒኖች ከዛጉ፣ ቅባታቸው ከደረቀ፣ የጎማ ሽፋናቸው ተቀዶ የክረምት ጭቃ ከገባ ካሊፐሩ አይንሸራተትም። ሥራውን ሁሉ የውስጡ ሸራ ብቻውን ይሸከመዋል፤ እሱ አልቆ ብረት ሲወጣ የውጭው ገና ሠርግ ቤት እንዳልገባች ሙሽራ ተቀምጧል። መካኒኩ ደግሞ ጎንበስ ብሎ በቸርኬው ቀዳዳ የሚያየው የውጭውን ነው። «ኧረ ገና ነው ጋሼ፣ ስድስት ወር ይወስድሃል!»

እኔ ይሄን ዓረፍተ ነገር ባለፉት ዓመታት ምናልባት አምስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በደስታ ነበር የምሰማው።

ጋሼ ካሊፐሩን ሲፈቱ በቧንቧው ላይ አንጠልጥለው አልተዉትም፤ በሽቦ አሰሩት። የፍሬኑ ጎማ ቧንቧ የካሊፐር ክብደት ሲሸከም ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጡ ይላጣል፣ የተላጠው ደግሞ ዘይቱን ሲሄድ ያሳልፈውና ሲመለስ ይዘጋበታል። ፍሬኑ ይይዛል፣ አይለቅም። ስንቱ ሰው በዚህ የተነሳ «ካሊፐሩ ሞቷል» ተብሎ ካሊፐር ገዝቷል።

ከሁለቱ ፒኖች አንደኛዋ በእጅ ወጣች። ሁለተኛዋ አርባ ደቂቃ ፈጀች። አዎ፣ ሰዓት ይዤ ነበር። ያጣምማሉ፣ ትንሽ ዝገት ማላቀቂያ ጠብ ያደርጋሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ደግሞ ያጣምማሉ። ረዳታቸው «በእሳት እንምታው» አለ። ጋሼ «ጎማውን ልታቃጥለው ነው?» ብለው ተቆጡት። ስትወጣ ግማሿ ቀይ ዝገት ነበር። ማቀባቢያውን ጠርገው፣ ቀዳዳውን በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት አጽድተው፣ ፒኗ በጣት ስትገፋ በራሷ ተንሸራታ እስክትገባ አልለቀቋትም።

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ የሚሠራውን ኃጢአት ልናገር። እኛ ጋ ቅባት ማለት ግሪስ ነው። ለኩሽኔታም ግሪስ፣ ለበር ማጠፊያም ግሪስ፣ ለካሊፐር ፒንም ያው ግሪስ። ማጽጃ ማለት ደግሞ ቤንዚን ወይ ናፍጣ ነው። የፍሬን ጎማዎችና ጎሚኒዎች ግን የተሠሩት ከፍሬን ዘይት ጋር እንዲኖሩ ነው፤ ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ ቀዳዳቸው ውስጥ ይጣበቃሉ። መካኒኩ በቤንዚን አጥቦ፣ በተራ ግሪስ ቀብቶ ገጥሞልህ ስትወጣ ፍሬኑ ቅቤ ይሆናል። ከሁለት ወር በኋላ ፒኗ ከበፊቱ ብሳ ትጣበቃለች። ከዛ «የቻይና ዕቃ ነው» እንባላለን። የቻይና ዕቃ አይደለም፣ የኛ ቤንዚን ነው! ለፒን የሚሆነው የሲሊኮን ወይም ለፍሬን ተብሎ የተሠራ ቅባት ነው፤ ትንሽ ቱቦ ለብዙ መኪና ይበቃል። ጎማና ጎሚኒ በንጹህ የፍሬን ዘይት ነው የሚታጠበው። ጋሼ ያደረጉት እሱን ነው።

ጎሚኒው ራሱ የሚገርም ነገር ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። በፒስተኑ ዙሪያ ያለች አንዲት የጎማ ቀለበት ናት። ብዙ ሰው ዘይት እንዳይፈስ ብቻ የተቀመጠች ይመስለዋል። ግን ፍሬን ለቀህ ስትሄድ ፒስተኑን በስስ ፀጉር መጠን ወደ ኋላ የምትመልሰው እሷ ናት፤ ፒስተኑ ሲገፋ አብራ ትጣመማለች፣ ግፊቱ ሲቀር ወደ ቅርጿ ትመለሳለች፣ ፒስተኑንም ይዛው ትመለሳለች። ሌላ ስፕሪንግ የለም። እሷ ከደረቀች ፍሬንህ ሁሌ ትንሽ እንደያዘ ነው የምትነዳው፤ ጎማህ ይግላል፣ ነዳጅህ ይበላል፣ ለነዳጅ ወረፋ ሁለት ሰዓት ቆመህ የቀዳኸውን ለዲስክ ማሞቂያ ታውለዋለህ። ጠቅላላ ክብደቷ የአንዲት የፀጉር ማስያዣ ላስቲክ ነው።

ግራው እንዲህ አለቀ። ሦስት ሰዓት ወሰደ። ወደ ቀኝ ሄድን፤ እዚያ የጠበቀን ደግሞ የባሰ ነበር።

የኔ መኪና የእጅ ፍሬን የሚሠራው በዛው በኋላ ካሊፐር ውስጥ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ካሊፐር ፒስተኑ በውስጡ ጥርስ አለው፤ አዲስ ሸራ ለማስገባት ወደ ኋላ ሲመለስ እየተጫነ ይዞራል እንጂ ዝም ብሎ አይገፋም። ለዚህ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ የሌለው በትዕግሥትና በፒንሳ አፍ ያዞረዋል። በግድ የተገፋ እንደሆነ ውስጡ ያለው የእጅ ፍሬን ማስተካከያ ይሰበራል። ጋሼ የቀኙን ፒስተን ፊት አሳዩኝ። ካቻቢቴ ተደርጎበት ተወግቶ፣ በሞርሳ ተጨምቆ ጠባሳ በጠባሳ ሆኗል። «ይሄ ሰው ፒስተን አይደለም የመለሰው፣ ኑግ ነው የጨመቀው» አሉ። በእንጦጦ ቁልቁለት የጎተትኩት የእጅ ፍሬን በቀኝ በኩል ከምንም ጋር አልተያያዘም ነበር። በግራ በኩል ክንዱ ዝጎ ቆሟል።

ስለዚህ የዛን እሁድ ታሪክ አሁን አንድ በአንድ ይገባችኋል። የኋላ ሁለቱ ከሥራ ውጭ ናቸው። አምስት ሰው የጫነ መኪና ቁልቁለቱን የያዘው በፊት ሁለት ጎማ ብቻ ነው። ፊተኞቹ ጋሉ። ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ሄደ። ዘይቱ ደግሞ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እግዜር ይወቅ፣ ቡና መስሏል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 የሚባለው ገና ሲከፈት ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ለዚህ ነው በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሠራል፣ እንፋሎት ይጨመቃል፣ ፔዳል ወለል ይነካል። ሸሽቼ የእጅ ፍሬን ስይዝ እሱም ያለው እዛው የሞተው ካሊፐር ውስጥ ነው። አንዱ ሌላውን ያድነዋል ያልነው ሁሉ በአንድ ቸልታ አብሮ ሄደ።

«የኋላ ፍሬን ለስሙ ነው፣ ሥራውን የሚሠራው የፊቱ ነው።» ይሄን ያላለ መካኒክ አሳዩኝ። ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው አደገኛ የሚሆነው። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ሥራ የፊቱ ይወስዳል፤ ትክክል። ታዲያ የቀረው ሠላሳ፣ አርባ በመቶ ምን ሊሆን ነው የተሠራው? ለጌጥ? ደግሞ ያ ሂሳብ የሾፌር ብቻ መኪና ሂሳብ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ሦስት ሰው፣ ኮፈኑ ውስጥ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ስትጭን የኋላው ድርሻ ይጨምራል። የሀገራችን መኪና ባዶውን የሚሄደው መቼ ነው? ይሄንኑ ምክንያት እየጠቀሱ የኋላ ካሊፐር ሲያስቸግራቸው ወደ እሱ የሚሄደውን የዘይት መስመር ደፍነው «ለጊዜው ንዳበት» የሚሉ አሉ። ለእኔም አንድ ጊዜ ቀርቦልኛል። እምቢ ያልኩት አውቄ አይደለም፣ ቀጠሮ ረፍዶብኝ ነው። ጊዜያዊ የተባለ ነገር እኛ ሀገር ስንት ዓመት እንደሚኖር ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ሌላው «የፍሬን ዘይቱ ጎድሏል፣ ልጨምርበት» የሚባለው ነው። ዘይት በራሱ አይጎድልም ወገን! ወይ ይፈሳል፣ ወይ ሸራው ሲሳሳ ፒስተኑ ወጥቶ ቦታውን ዘይት ይሞላዋል። ማለትም የጎደለው ዘይት ሸራህ እንዳለቀ እየነገረህ ነው። አንተ ስትሞላው ምስክሩን አፉን ዘጋኸው።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣልያን ነው፦ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚኒ። ጣልያኖቹ ካሊፐርን የሚጠሩት «ፒንሳ» ብለው ነው። ቃሉ እኛ ጋ ሲመጣ መቆንጠጫዋ መሣሪያ ሆኖ ቀረ፤ ያኔ የመጡት መኪኖች ፍሬናቸው ባለ ታምቡር ስለነበረ ካሊፐር የሚባል ነገር ስም አላስፈለገውም። እኔን እንደሚመስለኝ ስሙ ብቻ አይደለም ያልመጣው። የታምቡር ፍሬን ሥራው ሸራ ነው፤ ሸራ ትቀይራለህ፣ ታስተካክላለህ፣ አለቀ። ያንኑ ልማድ ይዘን ዲስክ ላይ ገባን። ሸራ መቀየር ግን ፍሬን መሥራት አይደለም።

እስቲ አሁን ደግሞ ወደ ራሴ ልዙር፤ ቃል ገብቻለሁ።

ከሦስት ወር በፊት ያ ጋራዥ የጠየቀኝ የእጅ ዋጋ 1,500 ብር ነበር። ተከራክሬ 700 አደረስኩት። ጎበዝ ነኝ ብዬ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ! ለሸራው ግን የጠሩትን 5,500 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ፤ ምክንያቱም ካርቶን አለው፣ ይታያል፣ ይነካል። 700 ብር የተከፈለው ልጅ እንግዲህ ሦስት ሰዓት ሙሉ ፒን እየጠመዘዘ ይዋል? አራቱን ጎማ በአንድ ሰዓት ካልጨረሰ የቀን ወጪውን አይሸፍንም። እኔም አጠገቡ ቆሜ በየአምስት ደቂቃው «አለቀ?» እለው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን አስቸኩዬ ያስፈሰስኩት የሌላውን ሰው ነው። ሞርሳውን ያነሳው እሱ ነው፤ ያስነሳሁት እኔ ነኝ።

ይሄ የኔ ብቻ ታሪክ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። ጠይቁ እስቲ፤ ለዕቃ ስንከፍል አንከራከርም ወይም ትንሽ እንከራከራለን፣ ለእጅ ሲሆን «ምን ሠራህና ነው?» እንላለን። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ የምታውቁት ነው፤ እሱን በዝምታ ተቀብለናል። የጨመረውን ለማካካስ የምንቀንሰው ከመካኒኩ እጅ ነው። ስለዚህ መካኒኩም ብልጥ ሆነ። ማጽዳት ገንዘብ አያመጣም፣ መቀየር ያመጣል። የሃያ ብር ላስቲክ የምታድነውን ካሊፐር «ሞቷል» ይልህና ሶማሌ ተራ ይወስድሃል። (ቦሌ ሚካኤል ይሄ ሁሉ ሶማሌ እያለ ሶማሌ ተራ መርካቶ መሆኑ ሁሌ ያስቀኛል።) እዛ ያገለገለ ካሊፐር ትገዛለህ፤ ከየትኛው መኪና እንደወለቀ፣ ስንት ዓመት መደርደሪያ ላይ እንደከረመ አታውቅም፤ የውስጡ ጎሚኒም ካንተው ያልተሻለ ነው። 14,000 ብር ከፍለህ የሌላ ሰው ችግር ይዘህ ትመለሳለህ። እኔ የቀኙን መግዛቴ አልቀረም፤ ውስጡ ስለተሰበረ ሌላ አማራጭ የለም። ግን ጋሼ «ገዝተህ ስታመጣው ሳልፈታው አልገጥመውም» ብለውኛል።

እሳቸው ለሁለቱም ጎን የጠየቁኝ እጅ 3,000 ብር ነው። ከልማድ የተነሳ አፌ ሊከፈት ነበር። ዘጋሁት።

«ቦሎ ስናወጣ ይታያል አይደል?» የምትሉኝ አላችሁ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ዓመታዊ ምርመራን ያዛል፤ ጎማው የሚሽከረከርበት መሣሪያ ላይ በደንብ የተፈተነ መኪና የግራና የቀኙ ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ችግሩ እኛ የምርመራውን ቀን የምናየው እንደ ፈተና ቀን ነው። ለዛች ቀን እናጠናለን። አንድ ወዳጄ የምርመራው ሰሞን የተበደረውን ደህና ጎማ ገጥሞ ሄዶ ሲመለስ ፈቶ ይመልሳል። ይሄ ሰው መንግሥትን ያታለለ ይመስለዋል፤ ከኋላ ወንበር የሚጭነው ግን የራሱን ልጆች ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ እየሳቃችሁ እንደምታነቡ አውቃለሁ። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ በዝምታ የሚሄድ መኪና ሆኗል፤ ባለቤቶቹም «የኛ ፍሬን አያልቅም» ይላሉ። እውነት ነው አያልቅም። እግራችሁን ከነዳጁ (ይቅርታ፣ ከኤሌክትሪኩ) ስታነሱ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪ ስለሚሞላ ሸራው ብዙ ጊዜ ሥራ የለውም። ሥራ የሌለው ፍሬን ግን ይዝጋል! ፒኑ የሚንቀሳቀሰው አልፎ አልፎ ነው፣ ዲስኩ በሸራ አይታሽም፣ ክረምቱ ግን እንደማንኛውም መኪና ይዘንብበታል። ቮልስዋገን እኮ አይዲ 4 ላይ ከኋላ ታምቡር የገጠመው ድህነት ይዞት አይደለም፤ ብዙ የማይሠራ ዲስክ እንደሚዝግ ስለሚያውቅ ነው። ከኋላ ዲስክ ያላቸው ሌሎቹ ደግሞ ብዙዎቹ የእጅ ፍሬናቸው ካሊፐሩ ላይ በተገጠመ ትንሽ ሞተር ነው የሚሠራው። እሱን ለመፍታት መጀመሪያ በኮምፒውተር ወደ ጥገና ሁኔታ ማስገባት ያስፈልጋል። በሞርሳ የኔን ፒስተን የጨመቀው ልጅ ነገ የናንተን ያገኘዋል፤ ያኔ የሚሰበረው ላስቲክ ሳይሆን ሞተር ነው፣ ሞተሩም ሶማሌ ተራ ላይገኝ ይችላል። የሸራው አለማለቅ ጎማው እንዳይፈታ ሰበብ ከሆናችሁ፣ ሸራው ባለቀ ይሻላችሁ ነበር፤ ቢያንስ አንድ ሰው ፈቶ ያየው ነበር።

አሁን «ታዲያ ምን እናርግ?» ለምትሉኝ፣ እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ከጋሼ ያየሁትን ነው የምላችሁ። ረጅም መንገድ ነድታችሁ ስትቆሙ እጃችሁን ወደ አራቱም ቸርኬ ጠጋ አድርጉ (አትንኩት፣ ጠጋ ብቻ)፤ አንዱ ብቻውን የሚፋጅ ከሆነ እዛ ጋ የሚጎትት ካሊፐር አለ። መካኒኩ የውስጡን ሸራ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ የውጭውን ለራሱ ያስቀምጠው። አዲስ ሸራ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ 3 ከወረደ ሸኙት። ዲስኩን «ቶርኖ አስገብተን እናስተካክለው» ከተባላችሁ ጠርዙ ላይ ወይ መሃሉ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ የውፍረት ቁጥር አስነብቡት፤ የኋላ ዲስክ ብዙ ጊዜ ስስ ነው፣ ቶርኖ አይችልም። ሁለቱም ፒን በጣት ሲንሸራተት በዓይናችሁ እዩ። ቤንዚን ያለበት ጣሳ ወደ ጎማዎቹ ሲጠጋ ካያችሁ ጩኹ። ይሄን ሁሉ ስታደርጉ መካኒኩ ፊቱን ያጠቁርባችኋል። ያን ጊዜ «የሰዓትህን እከፍላለሁ» በሉት፤ ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ ታያላችሁ። እኔ አይቻለሁ። የጋሼ ረዳት 200 ብር ስጨምርለት መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎት መለሰልኝ።

ጋራዥ ያላችሁም ብትሰሙኝ፦ ደረሰኝ ላይ «ፍሬን ሰርቪስ» ብላችሁ አትጻፉ። የሠራችሁትን ጻፉ። ሸራ ብቻ ከቀየራችሁ «ሸራ ተቀይሯል፣ ካሊፐር አልተፈታም» በሉ። ደንበኛው ገንዘቤን አልጨምርም ካለም እሱኑ ጻፉበት። እኔ ያኔ እንዲህ የሚል ወረቀት ቢሰጠኝ እናደድ ነበር፣ ግን እንጦጦ ከመውጣቴ በፊት አንድ ጊዜ አስብ ነበር። አሁን እጄ ላይ ያለው ባለ ማህተሙ ደረሰኝ ውሸት ነው፤ ግማሹን የዋሸሁት ደግሞ እኔው ነኝ፣ በ700 ብር።

መኪናዋ አሁንም ጋሼ ጋ በእንጨት ላይ ቆማለች። የቀኙ ካሊፐር ትናንት ተገኝቷል፤ ቅዳሜ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ጎሚኒው ይቀየራል፣ ከዛ የአራቱም ዘይት ይለወጥና አየሩ ይወጣል። እናቴ «ሲሠራ በዓይኔ ካላየሁ ሁለተኛ አልሳፈርባትም» ብላለች። ለጋሼ ስነግራቸው ረዳታቸውን ጠርተው «ለእመቤቲቱ ከጥላው ሥር ወንበር አዘጋጅ» አሉት።